ሰርተፊኬት መቼ ያስፈልጋል? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

አስተባባሪ፦ ውድ አባላት፣ ረቂቁ "ከ10 መቀመጫ በታች ያለው አውሮፕላን መንገደኛ ለመጫን የኦፕሬተር ሰርተፊኬት አያስፈልገውም" ይላል። ሰርተፊኬቱ ሰው በክፍያ በአውሮፕላን ለማጓጓዝ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። ምን ትላላችሁ?

አብራሪ፦ እኔ አልስማማም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 6 የንግድ በረራን የሚለየው በክፍያ ነው እንጂ በመቀመጫ ብዛት አይደለም። በ2019 ኳስ ተጫዋቹ ኤሚሊያኖ ሳላ የሞተባት ፓይፐር የተባለች ትንሽ አውሮፕላን እኮ ባለ አንድ ሞተር ነበረች። አብራሪውም አውሮፕላኗም ለንግድ በረራ አልተፈቀደላቸውም። እንዲህ ያለ በረራ ላይ የሚሳፈር ሰው፣ የሚጠብቀው ቁጥጥር እንደሌለ የሚነግረው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

የክለብ ተወካይ፦ ልክ ነው፤ ግን ነዳጅ የሚካፈሉ ጓደኛሞችን አብረን እንዳንቀጣ። የአሜሪካው ደንብ ጥሩ መነሻ ይሆነናል። የግል ፈቃድ ያለው አብራሪ ሦስት ሰው ይዞ ቢበር፣ ቢያንስ ሩቡን ከኪሱ ይከፍላል። የሚካፈሉትም ነዳጅ፣ ዘይት፣ የኤርፖርት ክፍያና ኪራይ ብቻ ነው። የዓመት ጥገናና ኢንሹራንስ አይገባም። አውሮፓም ወጪ መጋራትን ትፈቅዳለች፤ አብራሪውን ጨምሮ እስከ 6 ሰው።

የሕግ ክፍል፦ "ለሕዝብ አላስተዋወቅኩም፣ ከአንድ ድርጅት ጋር ብቻ ነው የተዋዋልኩት" የሚልስ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በ1986 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ፣ ሦስት ውል ብቻ ያለው ኦፕሬተር የግል አጓጓዥ (ለሕዝብ ሳይሆን ለጥቂት ደንበኞች በውል የሚበር) ተብሎ እንደሚያውቅ፣ ከ18 እስከ 24 ውል የነበረው ግን ለሕዝብ እንደሚሠራ መቆጠሩን ይጠቅሳል። ያም ሆኖ የግል አጓጓዥ መባል ከሰርተፊኬት ነፃ አያወጣም። እስከተከፈለው ድረስ እዚያም ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። የአውሮፕላኑ መጠን የሚወስነው የትኛው ደንብ እንደሚሠራበት ነው።

አስተባባሪ፦ እንግዲያው የመቀመጫውን ቁጥር አውጥቼዋለሁ። አዲሱ አንቀጽ፦ "መንገደኛ በክፍያ የሚያጓጉዝ ሁሉ፣ በውልም ይሁን በማስታወቂያ፣ ሰርተፊኬት ያወጣል። አብራሪው ድርሻውን የሚከፍልበት የወጪ መጋራት ከዚህ ውጪ ነው።"

አብራሪ፦ ጥሩ ነው። "ክፍያ" ሲባል ገንዘብ ብቻ እንዳይመስል ይብራራ። አብራሪው በነፃ የሚያገኘው የበረራ ሰዓትም ጥቅም ነው።

የክለብ ተወካይ፦ ወጪ በምንጋራበት በረራ ላይ ያለን ባዶ መቀመጫ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍስ? በ2015 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ ለሕዝብ እንደማቅረብ ይቆጠራል የሚለውን አቋም አጽንቷል። አውሮፓ ግን ትፈቅዳለች።

አስተባባሪ፦ ይህኛው ድምፅ ይሰጥበት። የሕግ ክፍል ሁለቱንም አማራጭ ጽፎ ያምጣልን።