ጥቆማ፦ ለዲዝኒ ወርልድ ከፍለን ፕላን እናሠራ ወይስ ራሳችን እንወጣው?

የኖቫ እናት፦
ሰላም ወገኖች። በኦገስት አጋማሽ ከቨርጂኒያ ኦርላንዶ፣ ዲዝኒ ወርልድ። ሁለት አዋቂ፣ የ9፣ የ6 እና የ2 ዓመት ልጆች፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እናቴም አብረውን አሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ፍልሰታንም ይጾማሉ። 4 የፓርክ ቀን፣ ሆቴል ገና አልያዝንም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ፕላን የሚያወጣልን ሰው ከፍለን እንያዝ ወይስ አፕ ይበቃል? የምታውቁትን አገልግሎት ጠቁሙኝ። «ዲዝኒ ውድ ነው» የምትሉ እሱን አውቀዋለሁ፣ እለፉት።

አራት ኪሎ በስደት፦
ዲዝኒ ውድ ነው 😀 እህቴ፣ እዚያው ቨርጂኒያ ኪንግስ ዶሚኒየን አለ፣ ቡሽ ጋርደንስ ዊሊያምስበርግ አለ። ቦዊ የነበረው ሲክስ ፍላግስ በኖቬምበር 2025 ባይዘጋ ኖሮ ጭራሽ ከሰፈር መውጣትም አያስፈልግም ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን ትራቭል ኤጀንት ያዢ። ሌላ አትድከሚ። ለአዲስ አበባ ትኬት እሷን የሚያህል የለም፣ በአማርኛ ታናግርሻለች፣ በክፍል በክፍልም ትቀበላለች። ስልኳን በውስጥ መስመር።

ቁጥር ወዳድ፦
ጠያቂዋ፣ መጀመሪያ «ፕላን» እየተባለ የሚሸጠው ነገር አንድ እንዳልሆነ እንለይ።

ዲዝኒ እውቅና የሰጠው የጉዞ ወኪል አብዛኛውን ጊዜ ከደንበኛው ምንም አይቀበልም። ሆቴልና ትኬቱን በእሱ በኩል ስትገዢ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ዲዝኒ ነው፣ ላንቺ ዋጋው ራስሽ ብትገዢው ከሚያወጣው አይበልጥም። ስለዚህ ዲዝኒ ሆቴል ለማደር ካሰባችሁ ነፃ እርዳታ አለ፣ ለሱ ተጨማሪ መክፈል ሞኝነት ነው። ከዲዝኒ አጠገብ ባለችው ኪሲሚ ከተማ ቤት ከተከራያችሁ ግን ለወኪሉ የሚተርፈው የትኬቱ ትንሽ ኮሚሽን ብቻ ይሆናል። ያኔ ወይ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቅሻል፣ ወይ ስልክ ማንሳት ያቆማል።

ከዚያ በቀጥታ የሚያስከፍሉ ግለሰብ ፕላነሮች አሉ። የሚሸጡት የሰዓት መርሐ ግብር ነው፤ አንዳንዶቹ በጉዞው ቀን በቴክስት ይከታተላሉ፣ ብዙዎቹ ግን ፋይል ልከው ያበቃሉ። ቱሪንግ ፕላንስን የመሰለ ዓመታዊ ምዝገባም አለ። የሕዝብ ካላንደሩ ቀኑን ከ1 እስከ 10 ይመድበዋል፣ የሚለካውም የገባው ሰው ብዛት ሳይሆን የሰልፉ ደቂቃ ነው። የምትፈልጓቸውን ራይዶች ስታስገቢ ቅደም ተከተል ያወጣልሻል፣ አንዱ ሲበላሽ እዚያው ቆመሽ ፕላኑን እንደገና ታሠሪዋለሽ። ፒዲኤፍ ይህን አይችልም።

ዲዝኒ ራሱ የሚሸጠው ቪአይፒ ጉብኝት ደግሞ በሰዓት ከ450 እስከ 900 ዶላር ነው፣ ቢያንስ 7 ሰዓት፣ እስከ 10 ሰው። በርካሹ ቀን እንኳ 3150 ዶላር ማለት ነው፣ የፓርክ ትኬት ሳይጨምር።

ዋናው ነገር፦ ማንም ፕላነር የጓሮ በር የለውም። ላይትኒንግ ሌን (ከፍለሽ ሰልፉን የምታሳጥሪበት መስመር) ለመያዝ የሚከፈተው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ጠዋት 7:00 ነው። ዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ከሚገባበት ቀን 7 ቀን በፊት ለቆይታው ሁሉ ይይዛል፣ ሌላው ከእያንዳንዱ የፓርክ ቀን 3 ቀን በፊት። የምትከፍዪው ያን ሰዓት ሌላ ሰው ነቅቶ እንዲጫንልሽ ነው እንጂ ቀድሞ እንዲገባልሽ አይደለም።

ኪሴ የተቃጠለ፦
በጭራሽ እንዳትከፍሉ!!! ለአንዲት ፕላነር 350 ዶላር በዜል ተላከላት፣ የመጣው ፒዲኤፍ «ጂኒ ፕላስ ግዙ» ይላል። ጂኒ ፕላስ (የድሮው የላይትኒንግ ሌን መግዣ) ከጁላይ 2024 ጀምሮ የለም! «11:40 ስፕላሽ ማውንቴን» ይላል። «ከሰዓት ቶም ሶየር ደሴት ላይ ልጆቹን አጫውቱ» ይላል። ቴክስት ሲደረግላት መልስ የለም። ምግብ ቤት ይዣለሁ ያለችው አፑ ላይ የለም። ሌባ ናት።

እማማ ዘውዴ ሰፈር፦
ውይ! ስሟን ጻፊልን ሌላውም እንዲጠነቀቅ።

አስተባባሪ፦
የሰው ስም አይጠራም። አገልግሎቱን መግለጽ ይቻላል።

ድሮም ያልኩት፦
ስም ካልተጠራ ምን ሊጠቅም ነው? ይኼ ግሩፕ ድሮም ሌባ ይሸፍናል።

ቁጥር ወዳድ፦
ስሙ ይቅር፣ ፒዲኤፉ ራሱ ይናገራል። ስፕላሽ ማውንቴን በጃንዋሪ 2023 ተዘጋ፣ በቦታው የቲያና ራይድ በጁን 2024 ተከፈተ። ደሴቱ በጁላይ 2025 ተዘጋ። ስለዚህ ፋይሉ ቢያንስ ከ2023 በፊት ተጽፎ፣ አንድ ቦታ ላይ «ጂኒ ፕላስ» የሚል መስመር ተጨምሮበት ለሁሉም የሚላክ ነው። የእናንተ ልጆች ቁመት እንኳ አልተጠየቀም ማለት ነው።

ከመክፈል በፊት የሚጣራው እንዲህ ነው፦ «ለ44 ኢንች ልጅ ማጂክ ኪንግደም ላይ የትኛውን ትተዪለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትሮን 48 ኢንች ይፈልጋል፣ ስፔስ ማውንቴን 44፣ ቲያና 40። ያለ ጉግል ካልመለሰች እለፏት። ደግሞ በዜል የወጣ ብር አይመለስም። በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ሆቴልና ትኬት ከሆነም ስቴትመንቱ ላይ የሚወጣው ስም ዲዝኒ መሆን አለበት።

ኪሴ የተቃጠለ፦
ምግብ ቤቱስ? ይዣለሁ ብላ ነበር እኮ።

የታምፓ ሰው፦
የተያዘ ነገር ሁሉ የራሳችሁ ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ አፕ ላይ ካልታየ አልተያዘም። በሷ አካውንት ይዛው ከሆነም እናንተ ሳትሄዱ ስትቀሩ ወይም ከቀጠሮው 2 ሰዓት ቀድሞ ሳይሰረዝ ሲቀር በሰው 10 ዶላር የሚቆረጠው ከሷ ካርድ ነው፣ ስለዚህ ፈርታ ቀድማ ትሰርዘዋለች። ይኼ በጣም የተለመደ ነው። ምግብ ቤት ለመያዝ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ነው። ዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ከመግቢያ ቀኑ 60 ቀን በፊት ቆጥሮ እስከ 10 ቀን የሚደርሰውን ቆይታ በአንዴ ይይዛል። አስቸጋሪዎቹ ቦታዎች እዚያ ላይ ነው የሚያልቁት። ካለፈሽም አትደንግጪ፣ ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት ብዙ ሰው ቦታ ይለቅቃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለዚህ ነው የኛ ልጅ የምትሻለው። ሰው ከድታ አታውቅም።

ድሮም ያልኩት፦
ለአዲስ አበባ ትኬት መቁረጥና ላይትኒንግ ሌን መያዝ ምን አገናኛቸው? ነገ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ሲፈለግ እሷን ትጠቁሚ ይሆናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዲዝኒም ትሠራለች! የሰው እንጀራ አትዝጋ።

ቁጥር ወዳድ፦
ትሠራ ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂያት፦ ኤጀንሲዋ በዲዝኒ እውቅና አለው ወይ፣ ሆቴሉን ሳትይዙ የምታስከፍለው አለ ወይ። ኤጀንሲው ፍሎሪዳ ከሆነ ደግሞ በግዛቱ ሕግ የተመዘገበ የጉዞ ሻጭ መሆን አለበት፣ ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩን ይጽፋል። አማርኛ መናገሩ ጥሩ ነው፤ ትሮን ላይ ግን አማርኛ ሰልፍ አይቀንስም።

ሽሮ በቴርሞስ፦
ስለ እናትሽ ጾም ማንም አልመለሰልሽም። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ፍቺው 22። ዲዝኒ ሜኑ ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የለበትም። ማለትም ለጾም ያልፋል። የሚጠየቀው ዘይቱ ነው፦ ድንች የሚጠበስበት ዕቃ ዶሮም የሚጠበስበት ሊሆን ይችላል፣ አስተናጋጁን ሳይሆን ሼፉን ጥሩት፣ ይመጣል። አኒማል ኪንግደም ሎጅ ሆቴል ውስጥ ያለው ሳና ምግብ ቤት ዳቦውን ከብዙ ዓይነት ማጥቀሻ ጋር ያቀርባል፣ ለጾመኛ ግን ከዳቦውም ከማጥቀሻውም ወተት ወይም እርጎ ያለበትን ሼፉን ጠይቃችሁ አስነሱ። እዚያው ሎጁ ያለው ቦማ ቡፌ ስለሆነ ሼፉ ዞሮ ያሳያችኋል።

ደግሞ ምግብ ከውጭ ማስገባት ይፈቀዳል። ብርጭቆና አልኮል አይገባም። ኩለር እስከ 24 በ15 በ18 ኢንች፣ የተፈታ በረዶና ደረቅ በረዶ አይገባም፣ አይስ ፓክ ግን ይገባል።

አራት ኪሎ በስደት፦
ዓሣስ? በፍልሰታ ዓሣ ይበላል እኮ።

እማማ ዘውዴ ሰፈር፦
ማን አለህ? በየትኛውም ጾም አይበላም።

አራት ኪሎ በስደት፦
የኛ ሰፈር ይበላል።

ድሮም ያልኩት፦
አሁን ደግሞ ሲኖዶስ ተጠራ።

አስተባባሪ፦
የዓሣውን ጉዳይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር። እዚህ ዲዝኒ ነው።

የታምፓ ሰው፦
ወደ ጠያቂዋ እንመለስ። እናትሽን በተመለከተ ፕላነሮች የሚዋሹበት አንድ ነገር አለ፦ «ዳስ አወጣላቸዋለሁ፣ ሰልፍ አይቆሙም» ይላሉ። ዳስ (በአካል ጉዳት ምክንያት ሰልፍ መቆም ለማይችል ሰው ዲዝኒ የሚሰጠው ፈቃድ) ከሜይ 2024 ወዲህ በዋናነት ኦቲዝምና የመሳሰለ የዕድገት እክል ላለበት ሰው ነው፣ የሚሰጠውም ከዲዝኒ ሰው ጋር በቪዲዮ ተነጋግሮ ነው። የጉልበት ሕመም አያስገኝም። ማንም ሊያወጣላቸው አይችልም።

የሚሠራው ዊልቸር ነው። አብዛኛው ሰልፍ ዊልቸር ያስገባል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን መንገዱ ላይ ነው፤ ኤፕኮት ሐይቁን መዞር ብቻውን 1.2 ማይል ነው። ፕላን ከመግዛታችሁ በፊት የሚታሰበው መሳፈሪያው ነው፦ ፒተር ፓን ላይ መርከቡ አይቆምም፣ የሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ ረግጦ መግባት ግድ ነው፣ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ኢትስ ኤ ስሞል ዎርልድ ላይ ዊልቸር እንዳለ የሚገባበት ጀልባ አለ። አኒማል ኪንግደም ያለው ሳፋሪ ዊልቸር ይቀበላል፣ ባለ ሞተር ስኩተር የያዘ ሰው ግን ወደ ዊልቸር መዛወር አለበት። በፕላን ላይ ፒተር ፓንን ለአያት የጻፈ ሰው ቦታውን አያውቀውም።

ለ2 ዓመቷ ትኬትም ላይትኒንግ ሌንም አያስፈልግም፣ ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው። ቁመት ለሚጠይቁት ራይደር ስዊች በሉ፦ አንድ ወላጅ ከትንሽዋ ጋር ይቆያል፣ ሌላው ሲመለስ ያለ ሙሉ ሰልፍ ይገባል። የ9 ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ የሚጋልበው በዚህ ነው።

ዱባይ ያለሁት፦
ዱባይ ፓርክስ ብትመጡ ይሻላችኋል፣ ሰልፍ የለም።

የኖቫ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። @ቁጥር ወዳድ፣ አንድ ፕላነር ላይትኒንግ ሌን እይዝላችኋለሁ፣ የአፑን ፓስወርድ ስጪኝ አለችኝ። ይሰጣል?

ቁጥር ወዳድ፦
ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። ወኪሎች የሚጠቀሙበት ሲስተም ሆቴልና ትኬት ይይዛል፣ ላይትኒንግ ሌን ግን ከእንግዳው አካውንት ነው። ከሰጠሽ መጀመሪያ የተቀመጠውን ካርድ አውጪ፣ የሷን ሥራ ስትጨርስ ፓስወርዱን ቀይሪ። እኔን ከጠየቅሽኝ አትስጪ፣ ምክንያቱም ሥራው ራሱ አጭር ነው። ከቀኑ በፊት ሁሉም ሰው አንድ አካውንት ውስጥ በቤተሰብ ዝርዝር ገብቶ ትኬቱ ይያያዝ። በመያዣው ቀን ጠዋት 6:50 ላይ አፑ ውስጥ ግቢ፣ መልቲ ፓስ (ብዙ ራይድ የሚያስይዘው ላይትኒንግ ሌን) በቀን 3 ራይድ በአንድ ፓርክ ያስመርጥሻል። ማጂክ ኪንግደም ላይ ከታዋቂዎቹ አንድ ብቻ፣ ሁለቱ ከሌላው ቡድን። አኒማል ኪንግደም ላይ ቡድን የለም። የመጀመሪያውን የጠዋት ሰዓት ላይ አድርጊው፣ ምክንያቱም እሱን ስካን ካደረግሽ በኋላ ነው አራተኛውን መያዝ የምትጀምሪው፤ የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ 2:00 ላይ ከሆነ ቀኑ ተበላ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የኦገስት ነገር፦ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፣ ውጭ ያሉት ራይዶች ይቆማሉ። የያዝሽው ራይድ ከቆመ ላይትኒንግ ሌንሽ ወደ ሌላ የሚቀየር ማለፊያ ይሆናል፣ አይጠፋም። ዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው በሩ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፣ በኦገስት ሙቀት ያ 30 ደቂቃ ከብዙ ፕላነር ይሻላል።

ፓኬጅ ከያዛችሁ 200 ዶላር ቀብድ ነው፣ ቀሪው ከመድረሻ ቀን 30 ቀን በፊት። ከ29 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ብትሰርዙ 200ው ይቀራል፣ ቀን ሲቀረው ሁሉም።

ኪሴ የተቃጠለ፦
እኔ አሁንም ሌባ ናት እላለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
@የኖቫ እናት ስልኳን ላክሁልሽ፣ «ከግሩፑ ነኝ» በያት።

አራት ኪሎ በስደት፦
ዩኒቨርሳልስ? ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክ ወይም ሮያል ፓሲፊክ ካደራችሁ ሰልፍ የሚያሳጥረው ያልተገደበ ኤክስፕረስ አብሮ ይሰጣል። ፕላነር ምን ያስፈልጋል?

የታምፓ ሰው፦
ለሁለቱ ነባር ፓርኮች እውነት ነው። በሜይ 2025 የተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ ላይ ግን አይሠራም፣ ሰው ሆቴሉን ከፍሎ ይደርስና በር ላይ ይከራከራል።

የኖቫ እናት፦
ለልጆቹ የሚጎተት ዋገን ይገባል?

ሽሮ በቴርሞስ፦
አይገባም። ስትሮለር ብቻ፣ ከ31 ኢንች ስፋትና ከ52 ኢንች ርዝመት የማይበልጥ። በር ላይ ይለኩታል።