አፍንጫዬ ሲዘጋ ዓይኔ ለምን ያለቅሳል?

ሹፌሩ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ሰላም ወገኖች። ኤፕሪል በገባ ቁጥር መከራዬን አያለሁ። ማስነጠሱና የአፍንጫ መዘጋቱ አልበቃ ብሎ ዓይኔ ይቀላል፣ ያሳክከኛል፣ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ተሳፋሪ «ምን ሆነህ ነው?» ይለኛል። አገር ቤት እያለሁ እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። ቅላት የሚያጠፋ ጠብታ ገዛሁ፤ ለጥቂት ሰዓት ያጠራልኝና ብሶበት ይመለሳል። ይሄ አንድ በሽታ ነው ወይስ ሁለት?

አስቱ ከቨርጂኒያ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም እያነባን ነው። በዚህ ወቅት የሚያምሰን በዋናነት የኦክ ዛፍ የአበባ ብናኝ ነው። መኪናህ ላይ የምታየው ቢጫ ዱቄት በብዛት የጥድ ነው፤ እሱ እንኳ ብዙ ሰው አይጎዳም። አገር ቤት አለመኖሩ አይግረምህ። ሰውነት አዲስ ብናኝ ደጋግሞ አግኝቶ እስኪቆጣበት ዓመታት ሊወስድ ይችላል። መስኮት ዘግተህ ንዳ፣ ማታ ፀጉርህን ሳትታጠብ አትተኛ።

የጎጃሙ፦ ሳይነስ ይሆናል። ዳማከሴ ጨምቀህ አሽትት።

ፋርማሲ የምሠራ፦ ዳማከሴውን አልጣላም፣ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። እንዲህ የሚያሳክክ ከሆነ ግን ከሳይነስ ይልቅ አለርጂ ይመስላል።

አንድ በሽታ ነው። ብናኙ ዓይንህ ላይ በቀጥታ ያርፋል፤ እሱ ግልጽ ነው። ከዚያ ሌላ፣ አፍንጫ ውስጥ የተቆጣው ነርቭ በአንጎል በኩል ዓይንንም ያስነባል። ብናኙ አፍንጫ ውስጥ ብቻ ሲደረግ እንኳ ዓይን እንደሚያነባ በጥናት ታይቷል። ደግሞም እንባ የሚወርደው በዓይን ጥግ ባለች ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ነው። ጠብታ ስትጨምር ጉሮሮህን የሚመርህ ለዚህ ነው። አፍንጫህ ሲያብጥ መውጫዋ ይጠብና እንባው በጉንጭህ ይፈሳል።

ስለዚህ ከአፍንጫ ጀምር። ፍሉቲካዞን የሚባለው ስፕሬይ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ለዓይኑም ይረዳል። ግላኮማ (ከዓይን ግፊት ጋር የተያያዘ የዓይን ነርቭ በሽታ) ወይም የዓይን ሞራ ካለብህ ግን መጀመሪያ ሐኪም ጠይቅ። በየቀኑ ነው የሚወሰደው። ብዙ ሰው በ3ኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ ይጥለዋል፤ አንድ ሁለት ሳምንት ታገሠው። አንገትህን ትንሽ ደፋ አድርግ። ግራውን ቀዳዳ በቀኝ እጅህ፣ ቀኙን በግራ እጅህ ንፋ፤ ጫፉ ወደ ጆሮህ በኩል ይዙር። በኃይል አትማገው፣ ጉሮሮህ ውስጥ ይቀራል።

ያንን ቅላት አጥፊ ጠብታ ተወው፤ ሲደጋገም ራሱ ያቀላል። በምትኩ ኬቶቲፈን ወይም ኦሎፓታዲን የሚባሉት የአለርጂ ጠብታዎች ይሻላሉ። ሹፌር ስለሆንክ ዳይፈንሃይድራሚን ያለበት የአለርጂ ኪኒን እንዳትውጥ፣ ያስተኛል። ፌክሶፈናዲን የሚባለው ኪኒን ብዙም አያስተኛም፤ ግን በውሃ ዋጠው፣ ጁስ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ሚሚ፦ እኔ ደግሞ እህቴ ከአዲስ አበባ ዴክሳሜታዞን ጠብታ ልካልኛለች። ልጠቀመው?

ፋርማሲ የምሠራ፦ እንዳትነኪው እህቴ! ስቴሮይድ ነው። ያለ ዓይን ሐኪም ክትትል የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ግላኮማም ሊያመጣ ይችላል። ሁላችሁም፦ ዓይን ካመመ፣ እይታ ከደበዘዘ፣ ብርሃን ከረበሸ ወይም መግል ካለ አለርጂ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሹፌሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ኮንታክት ሌንስ አደርጋለሁ፣ ጠብታውን እላዩ ላይ ልጨምር?

ፋርማሲ የምሠራ፦ አይሆንም። አውጥተህ ጨምር፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆይተህ መልሰው። ዓይንህ ቀልቶ እያለ ግን በመነጽር ንዳ።