ፊልሙ ቆመ፣ ብሬም ስሜም የለም፣ ሃርድ ዲስኩ ግን እኔ ጋር ነው

ቡም ያዡ
ሰላም ያገሬ ልጆች፣ እስቲ የገባችሁ ምከሩኝ። እዚሁ ድሬ አንድ ፊልም ላይ ሳውንድ (የድምፅ ቀረጻውን) ይዤ ነበር። በጀቱ ትንሽ እንደሆነ አውቄ ነው የገባሁት፣ 40 ሺህ ተነጋግረን 10 ሺህ ቀብድ ሰጡኝ። ውል የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ግሩፕ ነው፣ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ከዚራ፣ ከሰዓት ባቡር ጣቢያ እየተባለ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ቤት ውስጥ ስንቀርጽ ድምፁ ይገባል ብዬ ቬንትሌተር ባስጠፋሁ ቁጥር ተዋናዩም ክሩም (የቀረጻ ሰራተኛው) ሲሰድበኝ ነው የከረመው፣ ውጪ ስንወጣ ደግሞ ባጃጅ አለፈ እየተባለ አንዱ ሲን ሲደጋገም ይውላል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ፕሮዲውሰሩ ስፖንሰሩ ጥሎኝ ሄደ አለና ቀረጻው ቆመ፣ ቀሪው ብር ሲባል ፊልሙ ሲሸጥ ፐርሰንት ትካፈላላችሁ ሆነ። እሺ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ዩቲዩብ ላይ ትሬለር ለቀዋል፣ ሳውንድ የሚለው ላይ ሎኬሽን ረግጦ የማያውቅ የኤዲተሩ ጓደኛ ስም አለ! የመጨረሻዎቹ ቀናት ድምፅና የምስሉ ባክአፕ ያለበት ሃርድ ዲስክ እኔ ቤት ነው፣ ዲስኩን የገዛው ግን ፕሮዲውሰሩ ነው። እስኪከፍለኝ ብይዘውስ?

የሳቢያን ልጅ
አቦ እንዳትሰጠው! ዲስኩን ከሰጠኸው ወላሂ ስልክህንም አያነሳም። ድምፅ የሌለው ፊልም ምን ሊያረግለት ነው።

ችሎት አካባቢ
የላይኛውን ምክር አትስማ ወንድሜ። ጠበቃ አይደለሁም ግን ፍርድ ቤት አካባቢ ስለምሰራ እንዲህ አይነቱን ነገር አያለሁ። ዲስኩ የሱ ነው ብለሃል፣ በእምነት እጅህ የገባ የሰው ንብረት አልመልስም ካልክ እሱ ተነስቶ በእምነት ማጉደል ሊያመለክትብህ ይችላል፣ የወንጀል ሕጉ 675 ነው። ከዛ ብሩን የምትጠይቀው አንተ መሆንህ ይቀርና መልስ ሰጪ ሆነህ ትመላለሳለህ። ካልከፈልከኝ ስራውን አልቀጥልም ማለትና ንብረቱን ይዤ እቀመጣለሁ ማለት አንድ አይደሉም። ሁለት ምስክር ባለበት በፊርማ አስረክበው፣ ወረቀቱ ላይ ዲስኩ ውስጥ የየትኞቹ ቀናት ድምፅ እንዳለና የቀዳኸው አንተ እንደሆንክ ይጻፍ፣ ከፈረመ የሰራህ ለመሆንህ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

ብሩን በተመለከተ ውል አልፈረምኩም ብለህ ተስፋ አትቁረጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውል በቃልም ይጸናል፣ ጣጣው ማስረዳቱ ላይ ነው፣ ቀብዱ የገባበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ የግሩፑ ቻት፣ አብረውህ የሰሩ ልጆች፣ ሁሉም ይሰራል። ቻቱን ግን ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ኤክስፖርት አርገህ አስቀምጥ፣ አድሚኑ እሱ ከሆነ አንድ ማታ ግሩፑ ከነታሪኩ ይጠፋልሃል።

ሌላው ደግሞ ሰራተኛ ነበርክ ወይስ ባለሙያ የሚለው ነው። በሱ ዕቃ፣ በሱ ሰዓት፣ ዳይሬክተሩ እያዘዘህ ከሰራህ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን 1156/2011ን ይዘህ መከራከር ትችላለህ፣ የዳኝነት አትከፍልም፣ ግን የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፣ ከዛ በኋላ መጠየቅ አትችልም። የራስህን ማይክና ሪከርደር ይዘህ በአንድ ጥቅል ዋጋ ከተስማማህ የአገልግሎት ውል ነው የሚሉህ፣ እሱ እስከ 10 ዓመት ጊዜ አለው። የትኛው እንደሚሆን ስለማይታወቅ 6 ወሩ ሳያልፍ ተንቀሳቀስ፣ መጀመሪያ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጠው። ደግሞም ያዋዋለህ ሰውዬው በግሉ ነው ወይስ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር አለው? ማህበሩ ባዶ ከሆነ ብትረታም ከሱ የግል ኪስ ማውጣቱ መከራ ነው።

የስሙ ጉዳይ ለብቻው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጁ 410/1996 የስራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጠዋል፣ ከስራው ገንዘብ የማግኘት መብቱን ለሌላ ቢያስተላልፍ እንኳ ይሄ አብሮ አይሄድም። ስክሪፕት የጻፈው ልጅ ያለ ጭቅጭቅ እዚህ ውስጥ ይገባል፣ እንዲያውም ስክሪፕቱን ታዝዞ ሳይሆን በራሱ የጻፈው ከሆነና በጽሑፍ ካላስተላለፈላቸው የስክሪፕቱ መብት አሁንም እሱ ጋር ስለሚሆን ከሁላችሁም በላይ ጉልበት ያለው እሱ ነው። ድምፅ የቀዳ ሰው ግን እንደ ደራሲ መቆጠሩ ያከራክራል፣ ስለዚህ ያንተ ስም በስምምነት የሚያዝ ነገር ነው። በሌላ ሰው ስም መውጣቱን ግን አሁኑኑ በጽሑፍ ተቃወም፣ ትሬለሩንም ከነ ሊንኩና ከነ ቀኑ ያዘው።

ሜካፕ ሐረር
እኔም ጀጎል ውስጥ የተቀረጸ አንድ ስራ ላይ እንዲሁ ተንከራትቻለሁ፣ ቀረጻው ሲቆም ሜካፕ ያለቀው ከኪሴ ነበር። ባይሆን እኔን የጠቀመኝ ምን መሰላችሁ፣ ስጨቀጭቀው ጊዜ ለመግዛት ብሎ ቼክ ጻፈልኝ። ባንክ ስሄድ ደረቅ! ባንኩ በቂ ስንቅ የለውም ብሎ ጽፎ መለሰልኝ፣ ያንን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላኩለት፣ ከዛ በኋላ ደዋዩ እሱ ሆነ። ደረቅ ቼክ መስጠት ራሱ ወንጀል ስለሆነ ሰው ስለፊልሙ መክሰርና መቆም ማውራት ያቆማል። ቼክ ካልሰጠህ ቢያንስ የቀረው 30 ሺህ ይህን ያህል ነው፣ በዚህ ቀን እከፍላለሁ የሚል ወረቀት በምስክር ይፈርምልህ። ዕዳው በጽሑፍ ከሆነ ፍርድ ቤትም በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊያየው ይችላል። ፐርሰንቱን ግን እርሳው።

የድሮ ፕሮዲውሰር
ሁላችሁም ሰውዬውን ሌባ አረጋችሁት፣ ላይሆን ይችላል። እኔ በዚህ ከተማ ሞክሬ የከሰርኩ ሰው ነኝና ከዛኛው ወገን ልንገራችሁ። ካሜራ የሚከራየው በቀን ነው፣ ዋናው አክተር ቢቀርም የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ሞልቶ ሎኬሽን ቢበላሽም ኪራዩ ይቆጥራል። ከአዲስ አበባ ለመጣው ትኬትና ሆቴል አለ፣ ካልተከፈለው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። የከተማው ልጅ ግን የት ይሄዳል ተብሎ ሁሌ መጨረሻ ላይ ነው የሚደርሰው፣ እውነቱ ይሄ ነው፣ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ስፖንሰርም ቢሆን በርጫ ላይ ተቀምጦ አለሁልህ ያለ ሰው እንጂ ፊርማ ያለው አይደለም፣ እሱን አምኖ ቀረጻ መጀመር ግን የፕሮዲውሰሩ ጥፋት ነው፣ የናንተ አይደለም።

ፐርሰንቱ ላይ እህታችን ልክ ናት። ከገቢው ነው ከትርፉ ሳይባል የተሰጠ ፐርሰንት ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ወጪውን የሚጽፈው እሱ ስለሆነ ትርፍ የሚባል መቼም አይኖርም። እኔ ብሆን በቀሪው 30 ሺህ አልወርድም፣ በሁለት ሶስት ጊዜ እንዲከፍለኝ እቀበላለሁ፣ ስሜ በትሬለሩ መግለጫም በፊልሙ መጨረሻም እንዲስተካከል አስፈርማለሁ። ትሬለር የለቀቀ ሰው አዲስ ገንዘብ እየፈለገ ነው ማለት ነው፣ በዚህ ሰዓት ክሩ ተጣልቷል መባልን አይፈልግም።

ቡም ያዡ
እግዜር ይስጥልኝ። ሪከርደሩና ማይኩ የራሴ ነው፣ ቡሙ (ማይኩ የሚንጠለጠልበት ዘንግ) የነሱ፣ እንግዲህ ሰራተኛ ልሁን ባለሙያ እኔም ግራ ገባኝ 😅 ቻቱን አሁን ኤክስፖርት አርጌዋለሁ። የመብራቱ ልጅና ስክሪፕት የጻፈውም ብር አልደረሳቸውም፣ ርክክቡ ላይ ምስክር ሆነው ይምጡ ወይስ እነሱም ከሳሽ ስለሆኑ ሌላ ሰው ልፈልግ?

ችሎት አካባቢ
ለርክክቡ ሌላ ሰው ፈልግ፣ ከሰውዬው የሚጠይቀው ብር የሌለው ሰው ይሁን። እነሱን ለማስጠንቀቂያው አቆያቸው፣ ሶስታችሁም በየስማችሁ ጽፋችሁ በአንድ ቀን ስጡት። ቡሙንም በዛው ርክክብ መልሰው፣ ወረቀቱ ላይ ይግባ።