ከጓደኛዬ ጋር ለጎልፍ ኬንያ ልንሄድ ነው፤ በአስር ቀን ስድስት ሜዳ አይበዛም?

የዳንግላው፦

እንዴት ሰነበታችሁ። እዚህ ጎልፍ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ነው የምጽፈው። አትሳቁብኝ፣ ባሕር ዳር ተቀምጬ ስለ ጎልፍ ስጽፍ ለራሴም ያስቀኛል።

ዱባይ አንድ የጎልፍ ክለብ ውስጥ አምስት ዓመት ሣር አጫጅ ነበርኩ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ማታ፣ ሠራተኛው እንዲጫወት ይፈቅዱ ስለነበር እዚያው ለመድኩት። ስመለስ ሰባት አሮጌ ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ይዤ መጣሁ። አሁን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የግጦሽ ሜዳ ላይ እመታለሁ። እረኞቹ ኳስ ይለቅሙልኛል። አንዱማ የገና ዱላውን ይዞ መጥቶ ከእኔ አርቆ መታትና ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ዋለ። እንዲያም ሆኖ እድገት አለኝ፤ ዱባይ በ7 ቁጥር ዱላ 130 ሜትር ነበር የምመታው፣ እዚህ 140 አልፌያለሁ።

ጓደኛዬ ዳንግላ አንድ ዴስክ ላይ አብሮኝ የተማረ ነው። አሜሪካ ከገባ ብዙ ዓመቱ። ሃንዲካፑ (ከሜዳው መደበኛ ምት በላይ የሚጨምረው ምት፣ ሲያንስ ይሻላል) 8 ነው። የእኔ በወረቀት የለም፣ ቆጥሬ እንዳየሁት ወደ 28 ይጠጋል። ከጥምቀት በኋላ ይመጣና ኬንያ እንሄዳለን። የላከልኝ ዝርዝር ይሄ ነው፦ ናይሮቢ ዊንድሰርና ካረን፣ ከዚያ ናይቫሻ ግሬት ሪፍት ቫሊ ሎጅ፣ ከዚያ ናንዩኪ ማውንት ኬንያ ሳፋሪ ክለብ፣ ከዚያ ሞምባሳ ወርደን ቪፒንጎ ሪጅ፣ መጨረሻ ዲያኒ ሌዠር ሎጅ። በአስር ቀን! እኔ ካርታውን ሳየው ደከመኝ።

ሌላው ነገር ገንዘብ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚከብደኝ እሱ ነው። «የሜዳውን ክፍያ በሙሉ እኔ እችላለሁ፣ አንተ ብቻ ና» ይላል። በደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ግን አስር ቀን ሙሉ ሰው ሲከፍልልኝ ፊቴን የት አደርገዋለሁ? ደግሞ እሱ በ80 ምት ሲጨርስ እኔ በ105 እየተጎተትኩ ጨዋታውን አላበላሽበትም? የሄደ ሰው ካለ ንገሩኝ።

ናይሮቢ የከረመ፦

ወንድሜ፣ ናይሮቢ ስምንት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት፣ አሁን ደብረ ማርቆስ ነኝ። መጀመሪያ አንድ መጥፎ ዜና ልንገርህ። አላደግክም። ዱባይ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው፣ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ኳስ የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፣ ርቃ ትሄዳለች። ያቺ አስር ሜትር የጣና ስጦታ ናት።

ጥሩው ዜና ደግሞ ናይሮቢ ከባሕር ዳር ጋር አንድ ከፍታ ላይ ናት ማለት ይቻላል። ስለዚህ እሁድ እሁድ የለመድከው ርቀት እዚያ ልክ ይሠራል። አሜሪካዊው ጓደኛህ ከዝቅተኛ ከተማ ከመጣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ኳሱን ከግሪኑ (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) በላይ ሲያሳልፍ ታየዋለህ፣ አንተ ዝም ብለህ ተመልከት። ናይቫሻ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ እዚያ ይብስበታል። ሞምባሳ ስትወርዱ ግን ሁሉም ይገለበጣል። 140 የነበረው 130 ይሆናል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፣ ስለዚህ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ዱላ አንሣ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ዱላው ያርቃል።

ወደ ዝርዝሩ ልምጣ። ስድስት ይበዛል፣ በጣም። በካርታ ሲታይ ቅርብ ይመስላል። ናይሮቢ ናይቫሻ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ምንም አይደል። ሸለቆውን ቁልቁል ስትወርድ ዓባይ በረሃ ትዝ ይልሃል፣ ግን ከደጀን ጎሃ ጽዮን እንዳለው አያዞርም። ናንዩኪ ግን በሌላ አቅጣጫ 200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ሄዶ መመለሱ ሁለት ቀን ይበላል። ሜዳው ያምራል፣ የምድር ወገብ መሐሉን ያቋርጠዋል፣ የኬንያ ተራራ ከላይ ያይሃል፣ ነገር ግን ባለ 9 ጉድጓድ ነው፣ የሙሉ ሜዳ ግማሽ። ለዘጠኝ ጉድጓድ ሁለት ቀን? እኔ አልሄድም።

ሞምባሳም ቢሆን አንዱ ሜዳ በሰሜን፣ ሌላው በደቡብ ነው። ከቪፒንጎ ዲያኒ ለመሄድ ከተማውን አቋርጠህ ሊኮኒ ላይ በፌሪ መሻገር አለብህ፣ ወይ በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ዞረህ። የጎልፍ ቦርሳ ተሸክሞ ፌሪ ላይ በሰው መሐል መጋፋት... አይ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። እኔ ቪፒንጎ እላለሁ። የሜዳ አህያና ቀጭኔ ግቢው ውስጥ ሲንጎራደዱ ታያለህ።

ካረን ላይ ግን ተጠንቀቁ። የአባላት ክለብ ነው። ዊንድሰር ሆቴል ስለሆነ እንግዳ መቀበል ሥራው ነው፣ የአባላት ክለቦች ግን ቅዳሜና እሁድ ለራሳቸው ሰው ነው የሚያስቀድሙት። እኔ አንድ ጊዜ (የቱ ክለብ እንደሆነ ይቅር) ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ገንዘብ ከፍለን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ደርሰን፣ «ዛሬ የአባላት ውድድር አለ» ተባልን። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ቀኑ ግን አልተመለሰም። በረንዳ ላይ ሻይ ጠጥተን ሰው ሲጫወት አይተን ወጣን። በሥራ ቀን ያዙ፣ ከመሄዳችሁ ሁለት ቀን በፊት ደግሞ ደውሉ።

ቪዛ ለኢትዮጵያዊ አይጠየቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን እንዳትረሳ። መርፌውን ከተወጋህ አስር ቀን ሳይሞላ ካርዱ አይጸናም፣ ስለዚህ ለመጨረሻ ሳምንት አትተወው። ጓደኛህ በአሜሪካ ፓስፖርት ከሆነ የሚሄደው የእሱን ወረቀት ራሱ ኢንተርኔት ላይ ይጨርስ።

ገና መቺ፦

የእረኛውን ልጅ ይዘኸው ሂድ 😂 አንተ ኬዲ (ቦርሳ ተሸካሚ) ሁንለት።

ከምር ግን ወገን፣ እኛ ገና እየመታን ያደግን ሰዎች አንድ ችግር አለብን። ሩር ስትመታ እየሮጥክ፣ ሰው እየገፋህ ነው። ጎልፍ ላይ ኳሷ ቁጭ ብላ ትጠብቅሃለች፣ ማንም አይነካህም፣ ያ ነው የሚያስፈራው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንደሚባለው አንተም ስትስት አትቆጣ።

አዴት ጤፍ፦

እኔ ጎልፍ አላውቅም፣ ስለ ገንዘቡ ብቻ ልናገር። ባለቤቴ ከውጭ ከመጣ አብሮ አደጉ ጋር እንዲህ ያለ ጉዞ ሄዶ ነበር፣ ላሊበላና ጎንደር ነው የሄዱት። ሰውየው ሁሉን ከፈለ። ባለቤቴ ደግሞ ያ ስለከበደው በየምሳው «ዛሬ የእኔ ነው» እያለ ሲታገል፣ ሰውየው ሲገፋው፣ አስተናጋጁ ፊት ሲጎተቱ ነው የከረሙት። ከጉዞው የቀረላቸው ወሬ እሱ ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ ከመሄድህ በፊት ስልክ ደውልለትና የምትችለውን በቁጥር ንገረው። «የሜዳውን አንተ ክፈል፣ የባቡሩን፣ የኬዲውንና የእራቱን እኔ እከፍላለሁ» በለው። ከዚያ በኋላ ማንም ኪስ ውስጥ እጁን ሲከት ሌላው አያይም። እሱም ደስ ይለዋል። ሰው ሲሰጥ መቀበልም መቻል ነው እኮ፣ እሱ የሚፈልገው አንተን እንጂ የአንተን ዶላር አይደለም። ዶላሩንም ቢሆን ፓስፖርትህንና ትኬትህን ይዘህ ባንክ ቀድመህ ጠይቅ፣ በዋዜማው አይሆንም።

በሶና ዳቦ ቆሎ ያዝ። ለስንቅም ለወሬም ይሆናል።

አሮጌው ኤርፖርት፦

ልጄ፣ እኔ በልጅነቴ አዲስ አበባ ጎልፍ ክለብ ቦርሳ ተሸካሚ ነበርኩ፣ ትውልዴ ቡሬ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷልና ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይቅር በለኝ።

«ጨዋታውን አበላሽበታለሁ» ያልከው ነው የነካኝ። ሃንዲካፕ የተፈጠረው ለዚህ አይደለም እንዴ? እሱ 8፣ አንተ 28 ከሆናችሁ ልዩነቱ 20 ምት ነው። ጉድጓዱ 18 ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ አንድ ምት ይሰጥሃል፣ የተረፉት ሁለቱ ደግሞ በጣም ከባድ ተብለው 1 እና 2 ቁጥር በተሰጣቸው ጉድጓዶች ላይ ይጨመሩልሃል። ቁጥሩን የነጥብ ካርዱ ላይ ታገኘዋለህ። እሱ በ4 ሲጨርስ አንተ በ5 ከጨረስክ እኩል ናችሁ። ጠቅላላ ምት አትቁጠሩ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ተጋጠሙ። አንድ ጉድጓድ ላይ 11 ብትመታ የጠፋብህ ያ አንድ ጉድጓድ ነው፣ ኳስህን አንሥተህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። ስንት ትልልቅ ሰው በጀማሪ ሲሸነፍ አይቻለሁ! ፊታቸው ምን እንደሚመስል ብታይ።

ሰባት ዱላህ ይበቃል። ሕጉ ከ14 አይብለጥ ይላል እንጂ 14 ይሙላ አይልም። የጠፋ ኳስ የመፈለጊያው ጊዜ ከ2019 ወዲህ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ድሮ አምስት ነበር። ናይሮቢ አካባቢ ኪኩዩ የሚባለው ሣር ወፍራም ነው፣ ኳስ ይውጣል። ከሜዳው ዳር ከወደቀች ርቀት አትመኝ፣ በአጭር ዱላ ወደ ፌርዌዩ፣ ወደታጨደው መሐል ሜዳ፣ አውጣት፣ በቃ።

ኬዲውን ስማው። ግሪን ላይ «ወደ ግራ ትዞራለች» ካለህ ወደ ግራ ትዞራለች። ዓይንህ ሌላ ቢልህም እሱ በየቀኑ እዚያ ነው የሚውለው። ሲጨርስም በእጁ ስጠው፣ በሌላ ሰው በኩል አትላክለት። ይሄን እንደ ቀድሞ ኬዲ ነው የምነግርህ።

ጊሽ ዓባይ፦

ከሁላችሁም ልለይ ነው። ስድስቱንም ሂዱ! ደግማችሁ መቼ ልትገናኙ ነው? እኔና ጓደኛዬ «ለሚቀጥለው ዓመት» እያልን ስንት ዓመት አለፈ። ይድከማችሁ፣ መኪና ውስጥ ተኙ። ቤት ገብታችሁ ታርፋላችሁ።

ናይሮቢ የከረመ፦

@ጊሽ ዓባይ ሐሳብህ ይገባኛል፣ ግን 18 ጉድጓድ በእግር አራት አምስት ሰዓት ነው፣ ስምንት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ትሄዳለህ። ያን ጨርሰህ አራት ሰዓት መኪና፣ ጠዋት እንደገና ሜዳ። በአምስተኛው ቀን ከጓደኛህ ጋር መነጋገር ታቆማለህ። ደርሶብኝ ነው።

ለዳንግላው አንድ የረሳሁት፦ ከናይሮቢ ሞምባሳ በአውሮፕላን አትሂዱ፣ በባቡሩ ሂዱ። አምስት ስድስት ሰዓት ነው፣ የጻቮን ፓርክ ስታቋርጡ ዝሆን በመስኮት ልታዩ ትችላላችሁ፣ እህታችን እንዳለችው ትኬቱንም አንተ ትችለዋለህ። ወራቱን ጥሩ መርጣችኋል፣ ትልቁ ዝናባቸው ከመጋቢት ጀምሮ ነው የሚመጣው። ጥር ላይ ጠረፉ ሙቀት ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ጀምሩ፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ አትገኙ።

የዳንግላው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጣና ስጦታ ያነበብኩ ዕለት ግን አኮረፍኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለባለቤቴ ስፎክር ነበር።

ትናንት ማታ ደወልኩለት። ናንዩኪና ዲያኒ ተሰረዙ። ናንዩኪን ሲሰርዝ አዘነ፣ ምድር ወገብን ተሻግሮ ሊመታ ነበር ለካ ሐሳቡ። ዊንድሰር ሁለት ቀን፣ ናይቫሻ ሁለት ቀን፣ በባቡር ወርደን ቪፒንጎ ሦስት ቀን። ካረን ከተገኘ በሥራ ቀን፣ ካልተገኘ ይቅር። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው፣ መንገዱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡን እህታችን እንዳለችው አቀረብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ ይሄን ለማለት ሁለት ሳምንት ስልክ አላነሣህም?» አለኝ። ተስማማን።

ጋሼ፣ ለሃያዋ ምት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገርኩት፤ «ሃያ አይገባህም፣ አሥራ አምስት» ብሎ እየተከራከርን ነው። እርስዎ ይፍረዱን፣ ያለ ወረቀት ሃያ መጠየቅ እችላለሁ?

አሮጌው ኤርፖርት፦

በመጀመሪያው ቀን 15 ተቀበል። ከተሸነፍክ ማታ ላይ ራሱ 20 ያደርግልሃል። ካሸነፍክ ደግሞ ዝም በል።