ደመወዜ ጨምሮ ሪፈንዴ ለምን ቀነሰ?

ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ እኔ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ቤት ናት፣ ሁለት ልጆች አሉን። ታክስ የምናስገባው አብረን ነው፤ ሪፈንድ የምለው ታክስ ካስገባን በኋላ መንግሥት የሚመልስልንን ገንዘብ ነው። የምጠይቀው ስለ ፌዴራሉ ብቻ ነው።

የ2023 ደብልዩ ቱ (አሠሪው በየዓመቱ የሚሰጠኝ የደመወዝ ወረቀት) ላይ ገቢዬ 41,000 ዶላር፣ ከደመወዜ ለታክስ የተያዘብኝ 1,100፣ ሪፈንዱ 7,661 ነበር። በ2024 ገቢዬ 46,500፣ የተያዘብኝ 1,400 ሲሆን ሪፈንዱ ወደ 5,579 ወረደ። የጎደለው 2,082 ዶላር ነው።

ታክስ የሚሠራልኝን ሰው ብጠይቀው «ሕጉ ነው» ብሎ ዘጋው። ማታ ሁለቱን ቅጾች ጎን ለጎን ዘርግቼ ስፈትሽ አንዱን አገኘሁት፦ ትልቁ ልጄ ኅዳር ላይ 17 ሞላው፤ ስለዚህ 2,000 የነበረው የቻይልድ ታክስ ክሬዲት (በልጅ ምክንያት የሚሰጠው የታክስ ቅናሽ) በ500 ተተካ። (ኬክ ቆርሰን ስናጨበጭብ 1,500 ዶላር አብሮ እየሄደ ነበር ማለት ነው።) ታክሱም ከ1,330 ወደ 1,730 ከፍ ብሏል፤ ግን የተያዘብኝም በ300 ስለጨመረ እሱ የሚያጎድለው 100 ብቻ ነው።

1,600ው ገባኝ። የቀረው 482 ግን ከየት እንደተቆረጠ አልያዝ አለኝ። የጎን ሥራ የለኝም፣ ኦባማኬርም አልወሰድንም፣ ኢንሹራንሳችን በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። ትልቁ ልጅ አሁንም ከእኛ ጋር ይኖራል፣ ሃይስኩል ይማራል። የኧርንድ ኢንካም ክሬዲት (ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ድጎማ) በሁለቱም ዓመት ሁለቱን ልጆች ቆጥሮ ተሞልቷል።

ታዲያ ልጆቹ ሁለቱም ተቆጥረው ሳለ፣ የደመወዝ ጭማሪው ብቻውን ይህን ክሬዲት በ482 ዶላር ሊቀንሰው ይችላል ወይስ ቅጹ ላይ ስህተት አለ?