የሊቨርፑል ዶኮች፦ አልበርት ዶክ ከደለል ወጥቶ እንዴት ዳነ? ዩኔስኮስ ለምን ሰረዘው?

ነዳፊው
ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሊቨርፑል የወደብ አካባቢ መልሶ ልማት የሚተርክ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ያገኘሁት ሁሉ «ሙዚየም ገባ፣ ጎብኚ መጣ» ከማለት አያልፍም። አልበርት ዶክ (ዶክ ማለት መርከብ ገብቶ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ገንዳ ነው) በ1972 ከተዘጋ በኋላ በደለል ሞላ ይባላል። ከ120 ዓመት በላይ የሠራ ገንዳ በጥቂት ዓመት እንዴት እንዲህ ይሆናል? ልማቱስ የተጀመረው ከየትኛው ሥራ ነው? ይህን ያህል ተለፍቶበትስ ዩኔስኮ ለምን ከዓለም ቅርስ መዝገቡ አወጣው? ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብትጽፉልኝ።

ደለል ጠራጊ
የደለሉን ነገር ለመረዳት ዶክ ለምን እንዳስፈለገ ማወቅ ይቀድማል። መርሲ ወንዝ አፍ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ይጎድላል። በትልቁ ሙላት ጊዜ ልዩነቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ወንዙ ዳር የታሰረ መርከብ ስድስት ሰዓት ሳይቆይ ጭቃ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ቶማስ ስቲርስ በ1715 በር ያለው ገንዳ የሠራው ለዚህ ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው የንግድ ዝግ ዶክ እሱ ነው። ውሃው ሲሞላ በሩ ተከፍቶ መርከብ ይገባል፣ መጉደል ሳይጀምር ይዘጋል። (በዚያ ክፍለ ዘመን ከተማዋን ካበለጸጓት ዋና ነገሮች አንዱ የባሪያ ንግድ መሆኑን ጽሑፍህ እንዳይዘለው። የዓለም አቀፉ የባርነት ሙዚየም በ2007 የተከፈተው እዚያው አልበርት ዶክ ነው።)

አሁን ወደ 1972። አልበርት ዶክን ጨምሮ ደቡባዊዎቹ ዶኮች ሲዘጉ፣ ከወንዙ ወደ እነሱ የሚያስገባው የብራንስዊክ መግቢያ በር ክፍት ተተወ። የመርሲ ውሃ ጭቃ የተሸከመ ነው። ሲሞላ በጉልበት ይገባል፤ ገንዳው ውስጥ ሲረጋ ጭቃው ይዘቅጣል፤ ሲጎድል ደግሞ የሚወጣው ውሃ የዘቀጠውን የመጥረግ አቅም የለውም። ይህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። ዶኩ ይሠራ በነበረበት ዘመን በሩ የሚከፈተው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፣ ደለል የሚጠርግ መርከብም አይጠፋም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቀለም መቀባት አልነበረም፤ በሮቹን መልሶ መግጠም፣ ደለሉን ማውጣት፣ የውሃውን ከፍታ አጽንቶ መያዝ ነው። ውሃው ለውበት ብቻ አይደለም። የዶክ ግድግዳን ከጀርባው ያለው አፈር ወደ ገንዳው ይገፋዋል፣ ከፊቱ ያለው ውሃ ደግሞ ይደግፈዋል። ውሃው ሲወርድ ድጋፉ ይቀንሳል።

በሩን ከዘጉ በኋላ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ የረጋ ውሃ። በጋ ላይ አልጌ ያብባል፣ ሲሞት ታች ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ከዚያ ሽታ ነው። ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቢቀይሩት ደለሉ ይመለሳል። ሊቨርፑል ላይ ትልቁን እገዛ ያደረገው ሙስል የሚባለው ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጡር ነው። ከ1988 ጀምሮ ራሱ መጥቶ ግድግዳው ላይ በብዛት ተጣበቀ፣ አልጌውን እያጣራ በላው፣ ውሃው ጠራ። ዛሬ የዶክ ግድግዳ «ለማጽዳት» ብሎ ሙስሉን የሚፍቅ ካለ የማጣሪያ ማሽኑን እየነቀለ ነው።

የሊዝ ሰው
ደለል ጠራጊ የምህንድስናውን ብሏል፤ እኔ የገንዘቡንና የሥልጣኑን ልጨምር። ዶኮቹን የገደላቸው ኮንቴይነር ነው። ሥራው በሰሜን ጫፍ ወደሚገኘው የሲፎርዝ ኮንቴይነር ወደብ ሄደ፣ ያውም በጥቂት ሠራተኛ። በ1931 ከ840,000 በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ2001 ወደ 440,000 ወረደ።

የመርሲሳይድ ልማት ኮርፖሬሽን የተቋቋመው በ1981 መጀመሪያ ነው። ብዙ ጽሑፍ «ከቶክስቴት ረብሻ በኋላ» ይላል (ቶክስቴት የከተማዋ ሰፈር ነው)፤ ረብሻው ሐምሌ 1981 ነው፣ ኮርፖሬሽኑ ይቀድማል። ረብሻው ያመጣው የሚኒስትሩን የማይክል ሄሰልታይንን ትኩረትና ገንዘቡን ነው። ኮርፖሬሽኑ 350 ሄክታር ገደማ ያዘ፤ መሬት የመግዛትም ግንባታ የመፍቀድም ሥልጣን ነበረው። ቁልፉ የሥራ ክፍፍሉ ነው፦ ውሃውን፣ በሩንና ደለሉን የመንግሥት ገንዘብ ቻለው፤ ሕንፃውን አልምቶ ማከራየቱን በ1983 የፈረመ የግል አልሚ ወሰደ። አልሚ ደለል ለመጥረግ ገንዘብ አያወጣም፣ ኪራይ የለውማ። የመጀመሪያው ክፍል በ1984 ተከፈተ፣ ቴት የሥዕል ሙዚየም በ1988 ገባ።

የ1984ቱን ዓለም አቀፍ የአትክልት ፌስቲቫል ግን እንደ ስኬት ብቻ አትጻፈው። የቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት ጸዳ፣ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰው ጎበኘው። ፌስቲቫሉ ካለቀ በኋላ ማን እንደሚያስተዳድረው በቅጡ ስላልተያዘ ከፊሉ ለዓመታት ዳዋ በላው፤ የአትክልት ቦታው ለሕዝብ የተመለሰው በ2012 ነው።

ሰማያዊው
ለዩኔስኮው ጥያቄ፦ የተመዘገበው አልበርት ዶክ ብቻውን ሳይሆን የከተማዋ የወደብ አካባቢ ነው። በ2004 ተመዘገበ፣ በ2012 «አደጋ ላይ ያለ» ተባለ፣ ሐምሌ 2021 ተሰረዘ። ከኦማን የዱር እንስሳት መጠለያና ከጀርመኑ ድሬስደን ቀጥሎ ከመዝገቡ የተሰረዘ በዓለም ሦስተኛው ነው። ምክንያቱ አልበርት ዶክ አይደለም፤ በሰሜኑ ዶኮች የታቀደው «ሊቨርፑል ዋተርስ» የተባለው የረጃጅም ሕንፃዎች ልማትና የኤቨርተን ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ ያረፈው በ1848 በተከፈተው በብራምሊ ሙር ዶክ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ ውስጡ ያሉት ዓሦች ተይዘው ወደ ሌላ ዶክ ተዛወሩ፣ ከዚያ ከአይሪሽ ባሕር ወለል በመርከብ የተመጠጠ አሸዋ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ በቧንቧ ተሞላ፣ ተጠቅጥቆም ጸና። የድሮው ግድግዳ ሳይፈርስ ከሥሩ አለ። ከተማዋ «ቅርሱ ተቀብሯል እንጂ አልጠፋም» ባይ ናት፤ ዩኔስኮ ደግሞ ውሃ የሌለው ዶክ ዶክ አይደለም በሚል መንፈስ ፈረደ። የኤቨርተን ደጋፊ ብሆንም ዩኔስኮ ተሳስቷል አልልም።

ነዳፊው
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፤ መጋዘኖቹን ወደ መኖሪያ ቤት መቀየር ለምን በአንዱ ቀለለ በሌላው ከበደ?

ደለል ጠራጊ
የወለሎቹን ከፍታና የሕንፃውን ጥልቀት እይ። በ1846 የተከፈተውን አልበርት ዶክ መሐንዲሱ ጄሲ ሃርትሊ የሠራው ከብረት፣ ከጡብና ከድንጋይ ነው፤ እሳት በመፍራት ወለሉን የሚሸከም እንጨት አላስገባም፣ ስለዚህ የሚበሰብስ ነገር ትንሽ ነበር። ከአፈሩ በታች ግን በሺዎች የሚቆጠሩ የእንጨት ምሰሶዎች አሉ፤ እነሱ የሚቆዩት እርጥብ እስከሆኑ ድረስ ነው፣ ይህም የውሃውን ከፍታ ለመጠበቅ ሌላ ምክንያት ነው።

የስታንሊ ዶክ የትምባሆ መጋዘን (1901፣ 27 ሚሊዮን ጡብ) ሌላ ታሪክ ነው። የትምባሆ በርሜል ከሁለት በላይ ስለማይደራረብ እያንዳንዱ ወለል የተሠራው ከሁለት ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ነው። ሕንፃው ደግሞ እጅግ ጥልቅ ስለሆነ መሐሉ የቀን ብርሃን አያገኝም። መፍትሔው መሐሉን ቦርቡሮ ግቢ ማውጣት ነበር። ዋጋውን ያናረውም ይኸው ነው፤ ጠንካራ ወለል አፍርሰህ ታወጣለህ፣ የምትሸጠውም ቦታ ይቀንሳል።