የሐረጎን ዳገት ለሚመላለስ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና፦ አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱ ሞዴል እስኪመጣ ልጠብቅ?

የሆጤ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ቁጥጥር። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠዋት በሚኒባስ ወርጄ ማታ በሚኒባስ ወጥቻለሁ። የማታ ፈረቃ ሲደርሰኝ ከ4 ሰዓት በኋላ ወደ ደሴ የሚወጣ ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው። ካጣሁ ጓደኛዬ ቤት አድራለሁ። እስካሁን ቻልኩት። አሁን ግን ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ መጋቢት ላይ ትወልዳለች። እሷን ብቻዋን ትቼ ኮምቦልቻ ማደር አልፈልግም።

የቤንዚን መኪና ማስገባት 2016 ላይ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለው ሁሉ ዋጋው አይቀመስም። የነዳጅ ሰልፉም አለ። ዓይኔ ያረፈው ቢዋይዲ ሲጋል የምትባል ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ነው፤ ትልቁን ባትሪ የያዘችው፣ ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት። አዲስ አበባ የምትሸጥ አግኝቻለሁ። ቁጠባዬንና የማኅበር ብድሬን ብደምር እደርስባታለሁ።

ሥራ ቦታ ግን ሁሉም «ጠብቅ» ይለኛል። እንደ ስልክ በየዓመቱ ይሻሻላል፣ ዘንድሮ የገዛኸው ለከርሞ ያረጃል ይላሉ። አንዱ ሻጭም «ጥቂት ወር ብትታገስ የተሻሻለው ይገባል» ብሎኛል። ብሩ ግን ቁጭ ብሎ አይጠብቀኝም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ለመኪና ብዬ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ምን ያህል እንደቀለለ የማውቀው እኔ ነኝ።

ሌላው ጭንቀቴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ዳገት፣ ሐረጎ ነው። አባቴ ነጭ ዲኤክስ ነበረችው። ልጅ ሆኜ ከኮምቦልቻ ስንመለስ ዳገቱ ግማሽ ላይ ትግላለች። አባቴ «ድንጋይ!» ሲል በሩን ከፍቼ እወርድና ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ እወትፋለሁ። እሱ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዞ ቀስ እያለ ሲከፍተው እንፋሎቱ ይጮሃል። ከቢጫው ጀሪካን ውሃ ጨምረን፣ በርዳ፣ እንደገና እንነሳለን። አንዳንዴ ሁለቴ። እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና ዱዓ ታደርጋለች። ስለ መኪና ሳስብ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ ያው ነው፤ ሐረጎን ይወጣል ወይ?

ሰው ሞልተን፣ ክረምት፣ ጉም ወርዶ፣ ማታ። እዚያ መንገድ ላይ የነዳችሁ ንገሩኝ። ልግዛ ወይስ ልጠብቅ?

ቦርከና 60፦

አብሽር ወንድሜ። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ደሴ ላሉ ሱቆች ዕቃ አቀርባለሁ። የዚያው የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ፣ ባለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ ከያዝኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። ሐረጎን በሳምንት አራት አምስት ጊዜ እወጣዋለሁ።

ጥያቄህን ካየሁ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ላንተ ብዬ ቁጥሩን ያዝኩ። ከኮምቦልቻ ስነሳ ባትሪው 62 በመቶ። ደሴ ፒያሳ ስደርስ 51። ስመለስ በ51 ተነስቼ ኮምቦልቻ የገባሁት በ51 ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዝልሃል፤ የያዘውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሲጋል ባትሪዋ ቢያንስም እሷም ቀላል ናት፤ ዳገቱ ከ15 በመቶ በላይ የሚወስድባት አይመስለኝም።

ጉልበት አታስብ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የቤንዚን ሞተር እዚያ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም። የአባትህ ዲኤክስ ያቃታት አርጅታ ብቻ አልነበረም።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ይህን ሻጭ አይነግርህም። ደሴ ላይ ማታ 100 ሞልተህ ጠዋት ሐረጎን አትውረድ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያኖርበት ቦታ የለውም። ሞተሩ መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራ ላይ ይወድቃል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት አላወቅኩም ነበር። አንዱ ጥምዝ ላይ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ መኪናው እንደ ወትሮው ሳይይዝ ጭልጥ አለ። ፍሬኑ ያዘልኝ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ወረደ። አሁን ደሴ ሳድር 85 ላይ አቆማለሁ። ያንተዋ ባትሪ ዓይነቱ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሙላት ይፈልጋል። እሱን ኮምቦልቻ ላይ፣ ዳገት ልትወጣ ስትል አድርገው።

መጠበቁን በተመለከተ ደግሞ ምን እንደምትጠብቅ ለይ። በፈረንጆቹ 2025 ሲጋል ላይ የመጣው ትልቁ አዲስ ነገር ካሜራና ሹፌሩን የሚያግዝ ሶፍትዌር ነው። ባትሪው ያው 30.08 እና 38.88 ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የአስፋልቱ መስመር ለሰው ዓይንም አይታይ፣ ካሜራው ምን ያይልሃል? የኔ ስክሪን እስከ ዛሬ ቻይንኛ ነው የሚያወራኝ፤ አፕዴት የሚባል ነገር ደርሶት አያውቅም። እኔ አንተን ብሆን ለእሱ ብዬ ሚስቴን አላስጠብቅም።

ሰኞ ገበያ ኤሌክትሪክ፦

መኪናውን ተዉትና ቤቱን ንገረኝ። የራስህ ነው ወይስ ኪራይ? ቆጣሪው የግል ነው የጋራ?

በዚህ ሥራ 27 ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ለመኪና ቻርጅ ተብዬ ከተጠራሁባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ፣ የላቸውም። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ስትከፍተው ሦስተኛው ሽቦ ተጠቅልሎ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጧል፣ ከምንም አልተያያዘም። ቻርጀሩ ደግሞ ብልህ ነው፤ ኧርዝ ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ያኔ ሰው ቻርጀሩን ለማታለል ኧርዙን ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ያገናኛል። በአላህ፣ ይህን እንዳታደርግ! የመኪናውን ገላ ነክታ ባለቤትህ ልትያዝ ትችላለች።

የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፤ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ይሁን። ከቆጣሪው ጀምሮ ለመኪናው ብቻ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር። ማራዘሚያ የሚባል አይነካካ። ባለፈው ወር ቀልጦ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ማራዘሚያ በመሮ ነው ያላቀቅኩት። በተራው 16 አምፔር ሶኬት ከ30 ወደ 80 በመቶ ለመድረስ ስድስት ሰዓት ገደማ ይወስድብሃል። ተኝተህ ይሞላል። መብራት በተደጋጋሚ የሚጠፋበት ሳምንት ካለ ደግሞ ባትሪው ከ40 በመቶ በታች ሳይወርድ መሰካት ልመድ።

የአይጠየፍ እናት፦

እኔ ጠብቅ ከሚሉት ነኝ ወንድሜ፤ ግን በሌላ ምክንያት። የወንድሜ ኤሌክትሪክ መኪና ከፊት ትንሽ ተገጨች። የፊት መብራቷ እስኪመጣ አራት ወር ቆመች። የሸጡለት ሰዎች ስልክ ማንሳትም ትተው ነበር። ሞዴል ሳይሆን መለዋወጫና የሚያውቅ ባለሙያ እዚሁ ደሴ እስኪኖር ቢቆይ ነው የምለው።

ካልቆየህ ግን ሁለት ነገር ጠይቅ። የቻርጅ መሰኪያዋ የቻይናው ጂቢቲ ነው ወይስ የአውሮፓው ሲሲኤስ ሁለት? የምትደርስበት ጣቢያ የትኛው ገመድ እንዳለው ሳታጣራ አትክፈል። ሁለተኛ፣ ያገለገለች ከሆነች የባትሪዋን ጤንነት በመሣሪያ አስለካ። ኪሎ ሜትሯን ብቻ አትመን።

ለባለቤትህ በሰላም ያገላግላት።

የሆጤ ልጅ፦

አሜን እህቴ። ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ ቤቱ ኪራይ ነው፤ ቆጣሪው ከአከራያችን ጋር የጋራ። ያሉኝን አንብቤ ዛሬ ከሥራ ስመለስ ሶኬቱን ፈታሁት። ልክ እንዳሉት ነው። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ተጠምዝዞ በቴፕ ታስሮ ተቀምጧል። አራት ዓመት ባለቤቴ እዚያ ሶኬት ላይ ምጣድ ስትሰካ ነበር። ልቤ ክፉኛ ደነገጠ።

አከራያችንን ቡና ላይ አነጋገርኳቸው። ወጪውን እኔ ከቻልኩ ለብቻው ንዑስ ቆጣሪ እንዳስገባ ፈቀዱልኝ። «ለልጁም ኧርዙ ይሻላል» አሉኝ። ስለዚህ መኪና ገዛሁም አልገዛሁ መጀመሪያ ይሄ ይሠራል። ጋሼ፣ ሰኞ ገበያ የት እንደማገኝዎት በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።

እህቴ፣ የመብራቷ ነገር አሳስቦኛል። የመሰኪያውን ዓይነት ሻጩን ጠየቅኩት፤ ፎቶ እልካለሁ ብሎ እስካሁን አልላከም። ሳይልክ ቀብድ አልሰጥም።

አዲሱን ሞዴል መጠበቅ ግን ትቻለሁ። ካሜራ አይደለም የቸገረኝ። አንድ የቀረኝ ነገር ዳገቱን በራሴ ዓይን ማየት ነው። ቦርከና፣ ካላስቸገርኩህ አንድ ቀን ስትወጣ አጠገብህ ልቀመጥ? ባለቤቴም መምጣት ትፈልጋለች።

ቦርከና 60፦

ምን ችግር አለው። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጭነት የለኝም። ከመናኸሪያው አነሳችኋለሁ። መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ና፤ ዳገቱን አንተ ትነዳዋለህ።